ከደምቢያ ወረርሽኝ እስከ ፕላስቲክ አሻንጉሊት፦ ነፍስ የማዳን ትምህርትና ጎንደር



ዛሬ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ትንፋሹ የቆመን ሰው መርዳት የሰው ልጅ እንዴት ተማረ? ትምህርቱስ በእኛ አገር፣ በተለይም በጎንደር፣ ምን መልክ አለው? ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ነው የሚል ካለ እስከ መጨረሻው አብሮን ይቆይ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ልቡ የቆመ ሰው አንጎል ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ተወልዶ ያልተነፈሰ ጨቅላም እንዲሁ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰሜን ተራሮች ሥር ካሉ ቀበሌዎች ደግሞ መኪና መንገድ ለመድረስ ብቻ በቃሬዛ የሰዓታት ጉዞ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚያድነው ትልቁ ሐኪም አይደለም፤ አጠገብ ያለው ሰው ነው። ጥያቄው ሁሉ አጠገብ ያለው ሰው ምን ያውቃል የሚለው ነው።

🔹 ከሞት የተወለደ ኮሌጅ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ የወባ መድኃኒት በዓለም ላይ አልጠፋም ነበር። የጠፋው በሽታውን ለይቶ መድኃኒቱን በጊዜ የሚሰጥ፣ ከገበሬው አጠገብ የሚኖር ባለሙያ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954)፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያቋቋሙት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ እርዳታ በጋራ ነው። ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚህ 10 ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጎንደር የጀመረችው ዶክተር በማሠልጠን አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በማሠልጠን ነበር።

የትምህርቱ ዘዴም የተለየ ነበር። ሦስቱም ዓይነት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡና በዚያው እየሠሩ ይማሩ ነበር። «ቲም ትሬኒንግ» የሚባለው ይህ ልማድ እስከ ዛሬ የጎንደር መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የዶክተሮች ሥልጠና ተጀመረ። በ1996 ከእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ሆስፒታሎች ጋር ሌላ ትብብር ተመሠረተ። በ2004 ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን «እጅ የሚማረው በመሥራት ነው» የሚለው መነሻ አልተለወጠም።

ነገር ግን በመሥራት መማር አንድ ቦታ ላይ ይቸገራል። ወባና ተቅማጥ በጤና ጣቢያ በየቀኑ ይገኛሉ፤ ተማሪው እያየ ይለምዳቸዋል። ትንፋሹ የቆመ ሰው ግን በቀጠሮ አይመጣም። የመጣ ዕለት ደግሞ «ቆይ መጀመሪያ ልሞክር» አይባልም። ታዲያ እጅ ይህን የት ይለማመድ?

🔹 ዕውቀቱ ነበረ፣ እጁ ጥቂት ነበር

ትንፋሽን የመርዳት ዕውቀት አዲስ አይደለም። ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ፣ ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባትን ጠቅሷል። በአንዳሉስ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሊቅ አዝ-ዘህራዊ ደግሞ ጉሮሮዋን በቢላ የቆረጠች አንዲት ባሪያ ልጅ ቁስሏን ሰፍቶ አድኗታል። ከዚያም የአየር ቧንቧ ተቆርጦ ሊድን እንደሚችል ጽፏል። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት ነው። ዕውቀቱ ግን በጥቂት ሊቃውንት እጅ ብቻ ቀረ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አጠገብ ሊቅ አይገኝም።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የሄደው የማደንዘዣ ሐኪም ፒተር ሳፋር፣ በባልቲሞር ከተማ ዛሬ ለማመን የሚከብድ ሙከራ አደረገ። በጎ ፈቃደኞች መድኃኒት ተወግተው ራሳቸው መተንፈስ እንዳይችሉ ተደረገ። ከዚያም ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በአፋቸው እየተነፈሱ አቆዩአቸው። በዚህም ጀርባን እየተጫኑ ክንድ ከማንሳት ይልቅ ጭንቅላትን ወደ ኋላ አዘንብሎ በአፍ መተንፈስ እንደሚያዋጣ ታወቀ። ተራ ሰው ሊሠራው እንደሚችልም ተረጋገጠ። በ1960 ደግሞ በዚያው ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ካውወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር፣ ደረትን ሳይከፍቱ በእጅ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳተሙ። ዛሬ ሲፒአር የምንለው የሁለቱ ድምር ነው።

🔹 አሻንጉሊት ሠሪው

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ሺዎችን በምን እናስተምር?» የሚል ነበር። ጤነኛ ሰው ደረት ላይ መለማመድ አይቻልም፤ ይጎዳል። መልሱ የመጣው ከሐኪም ሳይሆን ከኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ነው። ኦስሙንድ ሌርዳል ከለስላሳ ፕላስቲክ የልጆች አሻንጉሊት የሚሠራ ነጋዴ ነበር። የገዛ ልጁን ከውኃ አውጥቶ ከሞት ያተረፈ አባትም ነበር። ሐኪሞቹ ሐሳቡን ሲያቀርቡለት እ.ኤ.አ. በ1960 በሰው ልክ የተሠራች «አኔ» የተባለች አሻንጉሊት አወጣ። ጭንቅላቷ በትክክል ካልተዘነበለ አየር አይገባም። በትክክል ከተሠራ ደረቷ ይነሳል። ተማሪው መሳሳቱን ማንም ሳይጎዳ እዚያው ያየዋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ የሚለማመዱት ቦሌ ባለው አካዳሚ፣ መሬት ላይ በቆመ አምሳያ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ተሳፋሪ ጭኖ የሚለማመድ አብራሪ የለም።

ሳፋር በዚህ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1967 በፒትስበርግ ከተማ በድሃ ሰፈር ሥራ ያጡ ጥቁር ወጣቶችን አሠልጥኖ «ፍሪደም ሃውስ» የተባለውን የአምቡላንስ አገልግሎት አስጀመረ። ከዚያ በፊት በዚያ ከተማ በሽተኛ የሚጓጓዘው ባብዛኛው በፖሊስ መኪና ነበር። «አይችሉም» የተባሉት ልጆች ለአሜሪካ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ሥልጠና ምሳሌ ሆኑ።

🔹 ወደ እኛ ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ። በዚያው ዓመት «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተባለ የጨቅላዎች ሥልጠና በዓለም ደረጃ ወጣ፤ ወደ አገራችንም ገባ። መሣሪያው ውኃ ሲሞላ የጨቅላ ክብደት የሚይዝ አሻንጉሊት ነው። አሠልጣኙ በእጁ እየጨመቀ የእትብቱን ምት ያሳያል፤ ያስለቅሰዋል፤ ዝም ያሰኘዋል። አዋላጇም ማድረቅን፣ ጀርባ ማሸትን፣ ካስፈለገም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ ማስተንፈስን ትለማመዳለች። ከ10 ጨቅላዎች አንዱ ለመተንፈስ የሆነ እርዳታ ይፈልጋልና ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በ2019 የአገራችን ጥናት መሠረት ከ1000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ሲወለዱ መታፈን ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ከጎረቤት የመጣ ትምህርት አለ። በሰሜን ታንዛኒያ ደጋ ባለው የሀይዶም ሆስፒታል ባለሙያዎች ይህንን ሥልጠና ለአንድ ቀን ወሰዱ። በአሻንጉሊቱ ላይ ሲፈተኑ ጎበዝ ሆኑ። በማዋለጃ ክፍል ግን ሥራቸው አልተለወጠም! ከዚያ ዘዴው ተቀየረ። አሻንጉሊቱ ከማዋለጃው አጠገብ ተቀመጠ፤ ባለሙያዎቹም በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ይለማመዱ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ጨቅላዎች ከ1000 ከ11 ወደ 7 ገደማ ወረዱ። መሣሪያው ያው፣ ሰዎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ መደጋገሙ ብቻ ነው።

በመድረሳ የቀራ ሰው ይህን አይስተውም። ሒፍዝ የሚጸናው በሙራጀዓ ነው፤ ያልተከለሰ ይጠፋል። እጅም እንዲሁ ነው። ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ይቆያል፤ ክህሎት ግን በወራት ውስጥ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልገው የጎንደር የድሮ መንገድ ነው፦ ሥልጠናው ከከተማ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፤ በቡድን ይሁን፤ ይደጋገም። በስኪል ላብ ያለው አሻንጉሊት በዳባትና በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ ያለችው አዋላጅ እጅ ካልደረሰ፣ የተገዛበት ዓላማ ግማሹ ቀርቷል።

እኛስ? ጤና ባለሙያ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ በመሥሪያ ቤታችሁ ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈ አሻንጉሊት ካለ አስወጡት፤ በሳምንት አሥር ደቂቃ ይበቃል። የእድርና የመስጂድ ኮሚቴዎች፦ ቃሬዛና ድንኳን እንደምንገዛ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ የቀይ መስቀል አሠልጣኝ ጠርተን፣ ወንዱም ሴቱም በየራሱ ደረት መጫንን ይለማመድ። ደረት መሐል ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ይህን ማንበብ ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የሞከረ ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ክንዱ ሲዝል ለምን ልምምድ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ በመጣም ጊዜ የሚጠቅም እጅ ይስጠን። ያነበባችሁ ለአዋላጆችና ለእድር ሰብሳቢዎች አድርሱልን።