ዳሽቦርድ ላይ የቀረው ሙጫ፦ የስቲከር አጭር ታሪክና የማላቀቂያው ዘዴ



ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሚኒባስ የሚሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። «መምህር፣ መኪናዋን ከሌላ ሰው ነው የገዛኋት፤ ዳሽቦርዷ በስቲከር ተለብጧል። ልላጠው ብል ወረቀቱ ተነሣና ሙጫው ቀረ። ጓደኞቼ ‹በቤንዚን እሸው› ይሉኛል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» የታሪክ አስተማሪ ስለ ሙጫ ምን አግብቶት ትሉ ይሆናል። ግን ለመልሱ ግማሹ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ቤንዚኑን ገና ስላላነሣው፣ ሌሎቻችሁም እንድታነቡት እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ መኪናና ስለ ፕላስቲክ። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም ሲሆን፣ ያመጣውም ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ የቤልጅግ ተወላጁ ሊዮ ቤክላንድ አሜሪካ ውስጥ ቤክላይትን ሠራ። ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ የተቀመመ የመጀመሪያው ፕላስቲክ የሚባለው እሱ ነው። የዚያን ዘመን መኪና ውስጡ እንጨት፣ ቆዳና ብረት ነበር። ዛሬ የምናውቃቸው ፕላስቲኮች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ ናቸው። የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ የሚደረገው እንደ መስታወት የጠራ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ወይም አክሪሊክ ነው፤ ፖሊካርቦኔት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ጠንካራው ዳሽቦርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ኤቢኤስ የሚባለው ነው። በዓይን ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሙጫው። የሚገርመው ነገር፣ ተለጥፎ በንጽሕና የሚነሣ ሙጫ የተወለደው ከመኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ሆኖ ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ አንዱን ቀለም ሲቀቡ ሌላውን በወረቀትና በፕላስተር ይሸፍናሉ፤ ፕላስተሩ ሲላጥ ታዲያ አዲሱን ቀለም ይዞት ይነሣል። ስሪኤም ለሚባለው የብርጭቆ ወረቀት አምራች ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት የቀቢዎቹን ምሬት ሰማ። ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ያዝ የሚያደርግ፣ ግን ሲስቡት የሚለቅ የወረቀት ፕላስተር አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሁላችንም «ስኮች» የምንለውን ግልጹን ፕላስተር ሠራ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ማለትም ፋሽስት ጣሊያን በወረረን ዓመት፣ ስታንተን ኤቨሪ የተባለ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልሶ ማርጠብ የማያስፈልገውን፣ ከጀርባው ሙጫ ያለውን ወረቀት መሥራት ጀመረ። መነሻ ገንዘቡ ከእጮኛው የተበደረው 100 ዶላር ነበር። የድርጅቱ የመጀመሪያ ስም «ከም ክሊን» ሲሆን «በንጽሕና ይነሣል» እንደማለት ነው። ዛሬ ዳሽቦርድ የምናለብስበት ስቲከር አባቱ ይኼ ነው።

ታዲያ በንጽሕና ይነሣል የተባለው ለምን ሙጫውን ጥሎ ይሄዳል? የስቲከር ሙጫ እንደ ጫማ ሰፊ ማስቲሽ ደርቆ የሚያያዝ አይደለም። ሁልጊዜ እንደ ወፍራም ማር ዝልግልግ ነው፤ ሲጫኑት ይፈስሳል። ዳሽቦርድ ደግሞ ልሙጥ ቢመስልም እንደ ቆዳ ጥቃቅን ጎድጓዳ አለው። መኪናዋ መናኸሪያ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትውል ሙጫው እየሞቀ በየጎድጓዳው ይሰርጋል። ዓመታት ሲያልፉ አየሩና ፀሐዩ ያበላሹታል፦ አንዱ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ ሌላው ይላቁጣል። ስለዚህ ስቲከሩ ሲላጥ ወረቀቱና ሙጫው ይለያያሉ። ኤቨሪ ቃሉን አላጠፈም፤ እኛ ነን ለጥቂት ጊዜ የታሰበውን ለአሥር ዓመት የምናቆየው።

ቤንዚን የሚለው ምክር ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከመስታወት ነው። በየዓመቱ ቦሎ እንለጥፋለን (ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው)፤ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክትም አለ። የዓምናውን ከመስታወት ላይ በምላጭ ፍቆ፣ በቤንዚን ወይም በቲነር ጠርጎ ማንሣት የተለመደ ነው፤ መስታወት ይችለዋል። ፕላስቲክ ግን አይችለውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟዋል። ቲነርና ቤንዚን የጠራውን ክዳን እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጥቁታል፣ ያደበዝዙታል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነት ማንበብ ችግር ነው። ነጭ ጋዝም ቢሆን ሽታው ቶሎ አይወጣም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ የቤንዚን ትነት ነው፦ ለሳንባም መጥፎ ነው፣ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። ለተለጣፊ ወረቀት ብሎ መኪናና ሰው ማቃጠል የለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ፦

1. መጀመሪያ አሙቀው። የፀጉር ማድረቂያ ካለ ከራቅ አድርገህ፣ ከሌለ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አኑርበት። ከዚያ ከጥጉ ይዘህ በዝግታ ሳብ፤ አትመንጭቀው።

2. የቀረውን በጥፍር ወይም ባለቀ የፕላስቲክ ካርድ ግፋው። ምላጭ፣ ቢላና የብረት ሽቦ አይነካውም።

3. ለሙጫው ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ ቀባውና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ዘይቱ ሙጫው ውስጥ ገብቶ ያላላዋል። በክብ በክብ እያሸህ ጥረገው፤ ካልለቀቀ ድገመው።

4. ዘይቱን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንሣው። ዘይት ከተረፈ አቧራ ይስባል።

5. አሁንም የሚያጣብቅ ቦታ ካለ፣ በኮሮና ጊዜ እጃችንን ያጸዳንበትን 70 ከመቶ አልኮል ጨርቅ ላይ አድርገህ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክረው። ቀለም ካልለቀቀ ቀጥል። አልኮልም ይቀጣጠላልና በሮቹን ክፈት፣ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። የጠራው ክዳን ላይ ግን አልኮል አታድርግ፤ ለእሱ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃዋል።

6. ፈሳሽ በቀጥታ ዳሽቦርዱ ላይ አትርጭ፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹና የኤርባጉ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። የኤርባግ ማስጠንቀቂያውንና በበሩ በኩል ያለውን የጎማ ነፋስ ልክ የሚያሳየውን ምልክትም እንዳታነሣ፤ እነሱ ጌጥ አይደሉም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ተጓዥ ማጓጓዣውን ማስጌጡ በኛ አገር አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከእናርያ ተነሥቶ፣ በጉድሩ አድርጎ፣ አባይን ተሻግሮ የሚመጣው ቅፍለት የሚደርስበት ትልቅ ገበያ ነበር። ያኔ ባለጸጋው በቅሎውን በግላስ ያለብሳል፤ ዛሬ ሾፌሩ ዳሽቦርዱን በስቲከር። የቅዱሳን ሥዕል፣ የአርሴናልና የማንችስተር አርማ፣ የ2000 ዓ.ም ሚሌኒየም፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ «ማስክ ያድርጉ»፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ማንም መዝገብ ቤት አያስቀምጠውም። ግን ሰው በየዓመቱ ምን ይወድ፣ ምን ይፈራ፣ በምን ይኮራ እንደነበር ይናገራል።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ስሕተት ሲያገኙ በስለት ፍቀው ያርሙ ነበር። አንዳንዴም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀውን ስም ዛሬ ተመራማሪዎች አንዳንዴ ያነቡታል፤ ቆዳው ላይ ምልክቱ ቀርቷልና። ፕላስቲክ ግን ይህን አያደርግልንም። በደንብ ከጸዳ ምንም አይቀርም፤ በደንብ ካልጸዳ የሚቀረው ጠባሳ ብቻ ነው፣ አይነበብም።

ስለዚህ ልጄ፣ ሙቅ ውኃውን ከማቅረብህ በፊት ስልክህን አውጣና ዳሽቦርዱን እንዳለ ፎቶ አንሣው። የገዛህበትን ዓመትና የምትሠራበትን መስመር ጻፍበት። ከዚያ አጽዳው፤ መኪናዋ እንጀራህ ናት፣ ንጹሕ ልትሆን ይገባታል። ሌሎቻችሁም አሮጌ መኪና ያላችሁ እንዲሁ አድርጉና ፎቶውን ላኩልኝ፤ ሰብስቤ አስቀምጠዋለሁ።

መልካም መንገድ ለሾፌሮቻችን ሁሉ!