ቮርኩታ፦ የከሰልና የዳቦ ሚዛን

ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን በምትገኘው ቮርኩታ የድንጋይ ከሰል መኖሩን የሥነ ምድር ተመራማሪው ጌኦርጊ ቼርኖቭ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር። መንገድም ሠራተኛም ባልነበረበት፣ ክረምት ከበጋ ውስጡ እንደ በረዶ በረጋው በዚያ መሬት ከሰሉን እንዲያወጡ የተላኩት እስረኞች ናቸው። በ1941 የጀርመን ጦር የዶንባስን የከሰል አካባቢ በመያዙ የቮርኩታ ተፈላጊነት እጅግ ጨመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የደረሰው የባቡር ሐዲድም የተዘረጋው በእስረኛ ጉልበት ነው።

የእስረኛው የዳቦ መጠን የሚወሰነው ከተመደበለት የሥራ ልክ ባሟላው መጠን ነበር። ይህ አሠራር በምሕንድስና ዓይን ሲታይ፣ ጭካኔው ቢቀር እንኳ፣ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። ምርት በክንድ ብርታት ብቻ ሳይሆን በከሰሉ ንጣፍ ውፍረት፣ በአየር ዝውውርና በመሣሪያ ጭምር ይወሰናልና። ልኩን ያላሟላ ሰው ዳቦው ይቀነስበታል፤ ሲራብ ይደክማል፤ ሲደክምም በማግስቱ የሚያወጣው ይበልጥ ያንሳል። እንዲህ ያለው ሰው ጣራ የሚደግፍ ግንድ በጥንቃቄ ለማቆም ጊዜ ከየት ያመጣል?

ስታሊን በማርች 1953 ከሞተ በኋላ፣ በጁላይ ወር፣ እስረኞቹ የፍርድ ጉዳያቸው እንደገና እንዲመረመር በመጠየቅ ሥራ አቆሙ። ኦገስት 1 ቀን በ29ኛው ጉድጓድ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው በርካታ እስረኞችን ገደሉ፤ የሥራ ማቆሙም በዚሁ ተሰበረ።