የዓባይ መንገደኛና መጽሐፈ ሄኖክ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1768 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ከካይሮ ጀልባ ተከራይቶ በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ተጓዘ። አሳቡም የዓባይን ምንጭ በዓይኑ ለማየት ነበር። በመንገዱም የጥንት የግብጽ ነገሥታት መናገሻ የነበረችውን ቴብስን ጐበኘ፤ ወደ ሦስተኛው ራምሴስ መቃብርም ገብቶ በግድግዳው የተሣሉትን በገና ደርዳሪዎች አየ። ስለዚህ ያ መቃብር በስሙ «የብሩስ መቃብር» ተብሎ ተጠራ።

ከዚያም እስከ አስዋን ደረሰ፤ ነገር ግን ከአስዋን በላይ በወንዙ መንገድ መቀጠል አልሆነለትም። ስለዚህ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ጀልባውን ተወና በረሃውን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ፤ በጅዳና በምፅዋም በኩል አድርጎ በ1770 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 14 ቀን ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በዙፋኑ የተቀመጡት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 4 ቀን ብሩስ ከግሽ ምንጭ አጠገብ ቆመ። ከአውሮፓ ሰዎችም እርሱ የመጀመሪያው እንደ ሆነ አድርጎ ተመካ፤ ይሁን እንጂ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ቄስ በ1618 ዓ.ም. ምንጩን አይቶት ነበር። የአገሩ ሰው ግን ከሁለቱም አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ብሩስ የተመካበት ነገር ከንቱ ሆነ፤ ብዙ ያልተመካበት ነገር ግን ታላቅ ሆነ። ይኸውም ከኢትዮጵያ ይዞት የሄደው በግዕዝ የተጻፈው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን ቢጠቅስም፣ የመጽሐፉ ሙሉ ቃል ከአውሮፓ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ብሩስ ካመጣቸው ሦስት ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ በ1821 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው። ከ1950 ዓ.ም. በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በአራማይክ የተጻፉ ቍራጮቹ ተገኙ። ሙሉው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ገድል እንደሚተርከው፣ ጻድቁ ወደ እስር ቤት በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለግሽ ዓባይ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውሃው ሳያበላሽ መልሶ ሰጣቸው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት የታወቀ ነው፤ በግሽ ግን ያው ዓባይ አደራ ጠባቂ ሆኖ ይነገርለታል።

ብሩስ ከሩቅ አገር መጥቶ የፈለገው ውሃውን ነበር። ያገኘው ግን ስማቸው ያልተጻፈ ደብተራዎችና መነኮሳት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እየገለበጡ ያቆዩትን ቃል ነው። በየገዳሙ ዕቃ ቤት ያለውን ብራና ከእሳት፣ ከምስጥና ከሌባ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የእነርሱ ወራሽ ነው፤ የተቀበለውም አደራ ከዓባይ ምንጭ የሚያንስ አይደለም።