የተከዜ ቆላ የእጣን ዛፍ

ላስታ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ደጋው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከበላያቸውም ከ4,200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ። ይሁን እንጂ ከዚሁ ደጋ የሚመነጨው ተከዜ ወርዶ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ፣ ዝናብ የሚያጥራቸውንና አፈራቸው የሳሳውን የዋግና የአበርገሌ ቆላዎች ያገኛል፤ የእጣን ዛፍ የሚበቅለውም በእነዚሁ ገደላማ ቁልቁለቶች ነው። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ በጽና፣ ማለትም ሰንሰለት ባለው ማጨሻ፣ የሚያጥነው ሙጫ ከቆላ ዛፍ የሚገኝ መሆኑ የደጋውን ታሪክ ከቆላው ነጥሎ መጻፍ እንደማይቻል ያሳያል።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዛፉን ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይሉታል፤ ሁለተኛው ቃል «ወረቀት ያዥ» እንደ ማለት ሲሆን፣ የወጣለትም ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ስለሚነሣ ነው። በጋ ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፤ ለቃሚውም በዚሁ ወራት ግንዱን በስለት በትንሹ ይልጠዋል። ከቁስሉ የሚንጠባጠበው ነጭ ፈሳሽ ነፋስ ሲነካው እንደ እንባ ዘለላ ይደርቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ለቃሚው ተመልሶ የደረቀውን ይሰበስብና ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍቶ ያድሰዋል፣ ይህም ክረምት እስኪቃረብ ይደጋገማል። የተሰበሰበው በእጅ እየተለቀመ በመጠኑና በንጣቱ ይለያል፤ ዋጋ የሚያወጣው ትልቁና ነጩ ነው።

የእጣን ንግድ እጅግ ጥንታዊ ነው። ግብፃዊቷ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ የእጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ማስመጣቷ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ፑንት የት እንደ ነበረች ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ አብዛኞቹ ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ አያርቋትም።

ይህ የእጣኑ ዝና የዛፉን ሌላ ጥቅም ጋርዶታል። ዛፉ ለሰው የሚበላ ፍሬ ባይሰጥም፣ ቅጠሉ ለፍየል መኖ፣ ቅጠል በሌለበት ወራት የሚፈነዳው አበባው ደግሞ ለንብ ቀለብ ነው፤ ስለዚህ ወተቱና ማሩ በተዘዋዋሪ የእርሱ ናቸው። ማር በላስታ ተራ ምግብ ብቻ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተጠሩበት የንጉሥ ላሊበላ ስም ራሱ፣ በትውፊቱ መሠረት፣ ሕፃኑን ከከበበው የንብ መንጋ ጋር የተያያዘ ነው። ከእጣኑ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም እህል ይሸምታል።

ይሁንና ስለዚሁ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ወጣት ዛፎች ከአብዛኞቹ ጫካዎች መጥፋታቸውን፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ግንዱ ያለ ዕረፍት ይቆስላል፤ በክረምት ብቅ ያለውን ቡቃያም በጋ ላይ ወይ ሰደድ እሳት ይፈጀዋል፣ ወይም ያው በቅጠሉ ያደገው ፍየል ይቀጥፈዋል።