ሰም፣ ቡና እና ወረቀት፦ የእንቁጣጣሽ ሥዕል በቦንጋ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግር ርዕስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «የልጆች ሥዕል ከመቼ ወዲህ ነው ታሪክ የሆነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ከአንድ ወረቀት ልጀምር።

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው። በቡናማ መደብ ላይ አንዲት ነጭ ወፍና አንድ ነጭ ፀሐይ ተሥለውበታል፤ ግርጌው ላይ የደረቀ የቢጫ አበባ ቅጠል ተለጥፏል፤ ከሥሩም በልጅ እጅ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ተጽፏል። ለ1972 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ቦንጋ ውስጥ የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ስናነሣ ዳዊቷ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት።

አሠራሩን ላስረዳ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እማሆይ ጧፍ ያዘጋጁ ስለ ነበር ስብርባሪውን ለእኛ ለልጆች ይሰጡን ነበር። በጧፉ ጫፍ ነጩ ወረቀት ላይ እንሥላለን። ሰም በነጭ ላይ ስለማይታይ ሥዕሉን የሚያየው ሣዩ ብቻ ነው፤ እሱም በግምት። ከዚያ የቡና አተላ በጥቂት ውኃ አፍልተን በጨርቅ ወረቀቱ ላይ እናሻለን። ሰም ያረፈበት ቦታ ውኃ ስለማያስገባ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቀሪው ይቀላል። ደፋር የሆነ ልጅ ደግሞ የቀላውን ክፍል በሰም ሸፍኖ በላዩ የብዕር ቀለም ይደግማል፤ ነጭ፣ ቡናማ እና ጥቁር ሰማያዊ ያገኛል። በመጨረሻ ወረቀቱ በሁለት ጋዜጣ መካከል ሆኖ የከሰል ካውያ ያልፍበታል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ካውያው ሲያርፍበት አብዛኛው ወደ ጋዜጣው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዘዴው በዓለም ላይ ሰፊ ቤተሰብ አለው። የጃቫ ሰዎች ባቲክ የሚሉትን ጨርቅ የሚሠሩት በቀለጠ ሰም ነው፤ በናይጄሪያ ዮሩባዎች ለአድሬ ጨርቃቸው የካሳቫ ሙጫ ይጠቀማሉ። ስለዚህ እኛ ያደረግነው የካፋ ጥንታዊ ጥበብ ነው ለማለት አልደፍርም። በእጃችን የገባውን ሁሉ «ጥንታዊ» የማለት ልማዳችን ለታሪክ ጥናት ብዙም አልጠቀመም። ጥንታዊ የሆነው ዘዴው ሳይሆን ቁሳቁሱ ነው።

የካፋ ጫካ የቡናም የማርም ጫካ ነው። ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማሩ ይቆረጣል፤ ጠጅ ይጣላል፤ ከጠጁ የሚወጣው ሰፈፍ ደግሞ ተቀልጦና ተጣርቶ ሰም ሆኖ ወደ ነጋዴ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰም ተረፈ ምርት ነው፤ በነጋዴው መዝገብ የሚታየውም በክብደቱ ብቻ ነው። የካፋ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ለወራት ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 ተማረከ። ከዚያ በኋላ የአዲሱ አስተዳደር ሹማምንት፣ ወታደሮችና ካህናት በቦንጋ ሰፈሩ፤ በነሱም በኩል የሰሜኑ የእንቁጣጣሽ አከባበር በከተማው ሥር ሰደደ። ካፋ የራሱ የዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮ፣ አለው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ግን የመጣው ከተማው፣ ደብሩና ትምህርት ቤቱ ባሉበት መንገድ ነው፦ ጧፉ ከቤተ ክርስቲያን፣ ወረቀቱና የብዕር ቀለሙ ከትምህርት ቤት። ቡናው ብቻ ከጓሮ ነበር።

አንድ ሥዕል ወደ ማን ይሄድ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል። በአውሮፓ የመጀመሪያው የንግድ የገና ካርድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ነው፤ ያሠራው ሄንሪ ኮል፣ የሣለው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበሩ። ኮል ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ስላጣ የተፈለሰፈ፣ በፖስታ የሚላክ የእኩዮች ሰላምታ ነበር። የእኛ ወንዶች ልጆች ሥዕል ግን በእጅ ይሰጣል፣ ፊት ለፊት፣ ለትልቅ ሰው፤ ሳንቲምም ይጠበቅበታል። ስሙኒ የሚሰጥ ቤት በሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይታወቃል። የሥዕሎቹን መንገድ በካርታ ላይ ብናሰምር ገንዘብና ሥልጣን በየትኛው ቤት እንደ ነበሩ ባሳየን ነበር። እኔም ይህን ወረቀት የወሰድኩት ወደ አንድ ሹም ቤት ነው። ዘበኛው «ጌታው የሉም» ብሎ መለሰኝ፤ እያለቀስኩ ወደ ቤት ገባሁ፤ ወረቀቱም በዚህ ምክንያት ከእናቴ ዘንድ ቀረ።

አሁን ወረቀቱን እንገልብጠው።

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ ይህ ሥዕል ከመሠራቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። በዘመቻው ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋ ቋንቋ ነበር፤ በዘመቻውም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ቤታችን የሚነገረው ካፊኖኖ ነበር። እኔ ግን ለሹሙ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ሰላምታ በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። እናቴ በመጀመሪያው ዙር ተመዝግባ ማታ ማታ ትማር ነበር። በወረቀቱ ጀርባ ስሟን አራት ጊዜ በእርሳስ ጽፋለች። በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ አንዳንድ ፊደላት ተቆርጠዋል። ለረጅም ጊዜ ፊደሉን ስታጠና የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቼ ስመለከት ግን የተቆረጠው ፊደል ሁሉ ከወፏ ክንፍ ጀርባ ሆኖ አገኘሁት። ከፊት የሠራሁት ሰም ወደ ኋላ ዘልቆ እርሳሱን አንሸራትቶታል። እናቴ ፊደሏን አልሳተችም። እንዲያውም በአራተኛው ላይ እርሳሷን ይበልጥ ተጭናለች፤ ወረቀቱ ጎድጉዷል።

በመዝገብ ቤቶች ስለ ዘመቻው የምናገኘው በዋናነት ቁጥር ነው፦ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ተመረቁ። የተማሪዎቹ እጅ ጽሑፍ ፈላጊ አልነበረውም። ደብተር በወቅቱ ውድ ስለ ነበር እንደ እናቴ ያሉ ተማሪዎች በተገኘው ወረቀት ላይ ሳይለማመዱ አይቀሩም፤ ከእንዲህ ያለው ወረቀት ብዙው ምጣድ ማሟሻ ወይም እሳት ማያያዣ እንደ ሆነ እገምታለሁ። የተረፈ ካለ የሚገኘው በዳዊት ውስጥ፣ ከፎቶግራፍ መስተዋት ጀርባ፣ በሣጥን ታች ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ይህን እንድትፈልጉልኝ እጠይቃለሁ። ስታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ወረቀቱን ከቤቱ አታውጡ፤ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ፣ በተለይም ጀርባውን። ለማን እንደ ተሠራ፣ ለምን እንዳልተሰጠ ጠይቁና ጻፉ። ሰም ያለበት ከሆነ ባለቤቱን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንዳያስቀምጠው ምከሩት፤ ሙቀት ሰሙን ያለሰልሰውና ከሌላ ወረቀት ጋር ያጣብቀዋል። በመካከል ስስ ነጭ ወረቀት ይግባበት። ካውያ ግን ፈጽሞ እንዳይነካው።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ወረቀቱም እዚህ ጠረጴዛው ላይ ስላለ ቀርባችሁ መመልከት ትችላላችሁ።