ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«ፍጹም ነው» የተባለ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይመጣበታል። የሲዲ ማጫወቻም ይኸው ደርሶበታል። ዛሬ ከየቤቱ ወጥቶ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አቧራ የሚጠጣውን ይህን ሣጥን ያነሣሁት ለትዝታ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ታሪኩ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት አንድ ጥያቄ ይዟል። ሰው የሠራውን ነገር ሌላ ሰው ላሻሽለው ብሎ ሲነሣ፣ መሻሻሉን በምን ያውቃል? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ኩባንያዎች ስምምነት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ በ1980 አንድ ደንብ አወጡ። ዲስኩ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካ፤ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይጻፍ አሉ። 16 ቢት ማለት 65,536 ደረጃ ያለው መሰላል እንደ ማለት ነው። ፊሊፕስ ግን ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰውን ቺፕ ያዘጋጀው በ14 ቢት ነበርና ቸገረው። ታዲያ መሐንዲሶቹ እጅ መች ሰጡ! ልኩን አራት እጥፍ፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 176,400 አበዙና ስሕተቱን የሰው ጆሮ ወደማይደርስበት ከፍታ ገፉት። በዚህ ብልሃት የ14 ቢቷን ቺፕ የ16 ቢት ያህል ሥራ አሠሯት።

ሶኒ በበኩሉ ሲዲፒ-101 የተባለውን ማጫወቻ ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋው 168,000 የን ነበር። የዚህኛው ቺፕ በእርግጥ ባለ 16 ቢት ነው። ይሁንና አንድ ብቻ ስለሆነ የግራውንና የቀኙን ድምፅ የሚያስተናግደው በተራ በተራ ነበር። በዚህም የተነሣ አንደኛው ወገን ከሌላው የሴኮንድ ሚሊዮንኛ 11 ያህል ይዘገያል። እንግዲህ አስተውሉ! ማስታወቂያው ለዘለዓለም ፍጹም ስለሆነ ድምፅ ሲሰብክ፣ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው እንደማንኛውም የሰው ሥራ ብልሃትና ቁጠባ የተቀላቀለበት ነገር ነው።

ይህን ያወቁ ሰዎች ክዳኑን መፍታት ጀመሩ። እንግሊዝ አገር ሜሪዲያን የተባለ ትንሽ ኩባንያ የፊሊፕስን ማጫወቻ ወስዶ፣ ውስጡን አስተካክሎ፣ በራሱ ስም ሸጠ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፊሊፕስ በ1974 የገዛው ማግናቮክስ በርካሽ ዋጋ የሚሸጣቸው ማጫወቻዎች ነበሩ። ውስጣቸው የፊሊፕስ ሥራ መሆኑን የደረሱበት አማተሮች፣ ኪሳቸው ሳሳ ያሉት ሳይቀሩ፣ በርካሹ ሣጥን ውስጥ ጥሩ ቺፕ አገኙ ማለት ነው። ኤድዋርድ ዴል በ1970 የመሠረተው «ዘ ኦዲዮ አማተር» መጽሔትም መንገዱን አሳያቸው። ዋልት ጁንግና ሐምፕተን ቻይልድረስ በ1988 በዚሁ መጽሔት ላይ የማግናቮክስን ማጫወቻ እቤት ውስጥ እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል ጻፉ። ዘዴያቸውን የጠሩት «የተራ መሣሪያዎች ደረጃ በደረጃ ማሻሻያ» በሚል ትርጉም ባለው ስም ነው።

ሥራው ምን ነበር? ፋብሪካ ሳንቲም የሚቆጥበው አብዛኛውን ጊዜ በቺፑ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ነገሮች ነው። ስለዚህ አማተሩ መበየጃውን አግሎ ከኃይል መስጫው ይጀምራል። ለቺፑ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ እንዳይረበሽ ትንንሽ ካፓሲተሮችን ከእግሮቹ አጠገብ ይበይዳል። ቀጥሎ ድምፁ ሊወጣ ሲል የሚያልፍበትን ርካሽ ካፓሲተር ነቅሎ በፕላስቲክ ፊልም በተሠራ ይተካል፤ ማጉያ ቺፖቹንም በተሻሉ ይለውጣል። እንዲህ ያለው ልማድ ኋላም አልቀረም። በ1994 ጃፓን ውስጥ የወጣው የሶኒ ፕሌይስቴሽን የልጆች መጫወቻ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከኋላቸው ቀይና ነጭ የድምፅ መሰኪያ ስለነበራቸው ሙዚቃ ወዳዶች ያንኑ እየፈቱ ሲዲ ማዳመጫ አደረጉት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣመማል። ወደ 1990 ገደማ የዲስኩን ጠርዝ በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፁን ያጠራል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ብዙ ሰውም ቀባ፤ «ሰማሁ» ብሎ የማለም ብዙ ነው። ሌዘሩ የሚያነበው እኮ ቁጥር ነው! ቁጥሩ በትክክል እስከተነበበ ድረስ የጠርዙ ቀለም ምን ያደርግለታል? በ2007 ደግሞ ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሲዲ የላቀ ልክ ያለውን ቅጂ፣ በሲዲ ልክ እንዲያልፍ ከተደረገው ጋር እያፈራረቁ ለሰዎች አሰሙ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰሚዎቹ አያውቁም። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ግማሽ ማለት ነው። ሳንቲም ብንወረውር ከዚህ በምን ይለያል?

በሰው ብቻ አልስቅም። እኔም አንድ ያገለገለ ማጫወቻ ፈትቼ ነበር። መጀመሪያ የኃይል መስጫው ካፓሲተር ደርቆ ኖሮ ያጉረመርም ነበርና እሱን ቀየርኩ። ቀጥዬ የመውጫዎቹን ሁለት ካፓሲተሮች በውድ ለወጥኩና ማታውኑ የዶርም ጓደኞቼን ሰብስቤ «ስሙት!» አልኳቸው። «ኧረ ሌላ ዕቃ ሆነ!» አሉ። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ግን ዝም አለ። በማግስቱ አሮጌዎቹን ሁለት ካፓሲተሮች በማብሪያ ማጥፊያ እያፈራረቀ ማገናኘት የሚቻልበትን ነገር ሠርቶ መጣና «ጀርባህን አዙር» አለኝ። ከ10 ጊዜ 5ቱን አገኘሁ። ያ የደረቀው ካፓሲተር ሲመለስ ግን ጉርምርምታውን ከ10 ጊዜ 10ሩንም ለየሁት፤ የጎረቤት ክፍል ልጆችም ለዩት።

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት ስለ ሐሜት ነበር። እኔ ያን ማታ ሌላ ትርጉም አገኘሁበት። ገንዘብ ያወጣ፣ እጁን በመበየጃ ያቃጠለ ሰው ጆሮው ለልቡ ያደላል። ይህ ደግሞ በካፓሲተር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የጻፍነውን ግጥም ራሳችን ስናነበው፣ ያራመድነውን ሐሳብ ራሳችን ስንዳኘው የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ሣጥኑን ክፈቱ። ክዳኑን ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሌዘሩ ለዓይን ስለማይታይ አትመልከቱት። የማይከፈት ዕቃ የለም። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ዝም የሚል ጓደኛ ጥሩና ጀርባችሁን አዙራችሁ ስሙ።