«ቅንብር» የምትለዋን መስመር አንብቧት

በጥር እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ዲጄው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስፒከር፣ በቃ። ከአንድ እረኛ በስልኩ የቀዳውን ዋሽንት ከኮምፒውተር ከበሮ ጋር አዋሕዶ ለቀቀው። ወጣቱ እስክስታውን አቀለጠው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ግን «ይሄ የፈረንጅ ጩኸት መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉኝ። ልጁም ሰምቷል። ማታ ላይ «ቲቸር፣ ሰው እኮ ይሄን ሥራ አይለውም» አለኝ። ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ልመልስለት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የትናንት አይደለም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የሌሊት ክለቦችን ሥራ አዳከመ። ብዙ የትንፋሽ መሣሪያ የነበራቸው ባንዶች እየሳሱ ሲሄዱ ኪቦርድ ቦታቸውን ያዘ። የሮሃ ባንዱን ዳዊት ይፍሩን አስቡ። የ1980ዎቹን ካሴቶች ስንሰማ ያደግን ሰዎች ጣቶቹን እናውቃቸዋለን፤ ስሙን የምናውቀው ግን ስንቶቻችን ነን?

ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ ማሽን ይዞ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። አንድ ሰው ከማሽን ጋር ተቀምጦ ሙሉ አልበም ማውጣት፤ ዛሬ ልጆቹ በላፕቶፕ የሚያደርጉት ይኸንኑ አይደል? ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ቆይቶ ተረሳ። ኃይሉም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ብሪያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት የት ቢያገኘው ጥሩ ነው? ባሕር ዳር! በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ደስ ይላል። ግን እኛው ደጅ ተቀምጦ የነበረውን ነገር ለማየት እንግዳ መጠበቃችን እስካሁን ይከነክነኛል።

የቻግኒዋን ልጅ እጅጋየሁ ሽባባውንም አስታውሱ። የ2001 አልበሟን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። በ2003 ደግሞ ያንኑ አልበም በኤሌክትሮኒክ ድምፅ እንደገና ሠርቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው። እኔን ጨምሮ የሰማን ሰዎች አደነቅን። ታዲያ የኒውዮርክ ሰው ሲሠራው ጥበብ፣ የማርቆስ ልጅ ሲሠራው ጩኸት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ቀጥሎ የመጡት ደግሞ የራሳችን ልጆች ናቸው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» አሉት። ሚካኤል በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። በ2018 ከዲጄነት የተነሳው ሮፍናን ኑሪ «ነፀብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ከጥቂት አዳማጭ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገባ፣ ሰርግ ቤት ገባ።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ካለም አንዴ ይሞክረው። ብዙው የዳንስ ሙዚቃ ማሽን በአራት ምት ነው የሚያስበው። የእኛ ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። ኪቦርዱ ላይ አሥራ ሁለት ድምፅ ተደርድሯል፤ የእኛ ቅኝት አምስት ይበቃዋል። ማሲንቆና ዋሽንት ደግሞ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያድር ድምፅ አላቸው። ዝም ብሎ ከላይ የተለጠፈ ዋሽንት ወዲያው ያስታውቃል። ልኩን አግኝቶ ምቱ ላይ ማስቀመጥ ጆሮ ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያ ልጅ ያንን አድርጎታል።

ስማቸው ለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። በካሴት ዘመን እኛ አገር «ፕሮዲዩሰር» ማለት በአብዛኛው ገንዘቡን የሚያወጣው ሙዚቃ ቤት ነበር። ድምፁን የሚሠራው «አቀናባሪ» ነው። የሽፋኑ ፊት ላይ ዘፋኙ በፎቶ ይወጣል፤ አቀናባሪው ከኋላ በደቃቅ ፊደል። አሁን በስልክ ስንሰማ ያቺ ደቃቅ ፊደልም ከዓይናችን ራቀች።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሁለት ነገር ነው። ቤታችሁ የቆየ ካሴት ካለ ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ወረቀቱ ሳይፈዝ። ሁለተኛው፣ የሚቀጥለው ሰርግ ላይ ዲጄውን ስሙን ጠይቁት። ቁርጥ ሲቀርብም አትርሱት፤ እሱ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው።

አንተም ልጄ፣ መልሴ ይኸው ነው። ሥራ ነው። ከአንተ በፊት የሠሩት አሉ፣ ከአንተ በኋላም ይመጣሉ። የዚያን እረኛ ስም ግን ጽፈህ ያዝ። እሱንም እንዳንረሳው።